እዚህ ቤት ተፈናቃይ የለም

ሰኞ

«እዚህ ቤት ተፈናቃይ የለም» ብላ መለሰቻቸው እማዬ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ሁለት መዝጋቢዎች ከጨለለቅቱ ከተማ በሞተር መጥተው በር ላይ ቆመው ጠየቋት፤ እሷም ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቆጣ ብላ ይህን አለች። «ያለው ቤተሰብ ነው» ብላም ጨመረችበት። ጻፉ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ።

አለሚቱ ጓሮ የመጨረሻውን የደረሰ እንሰት እየፋቀች ሁሉንም ሰምታለች። ሦስቱ ልጆቿም አጠገቧ ነበሩ። ለምን ወጥተሽ «አለሁ» አላልሽም ብላት፣ «አስቴሬ፣ እማማ ቤተሰብ ስትለኝ እኔ አይደለሁም ልበል?» አለችኝ። ተናደድኩ።

አለሚቱ ዘመዳችን አይደለችም። ዓመት ሊሆን ነው፣ ከወዲያ ማዶ፣ ከጉጂ በኩል ሰው ሁሉ ሲሸሽ፣ ትንሿን አዝላ ሁለቱን እየጎተተች መጣች። ዝናብ ነበር። ቤታችን ጥግ ተጠልላ ቆመች። እማዬ ግቢ አለቻት፣ ገባች። በቃ። ባሏ ከሁለት ወር በኋላ «ቡናችንን አይቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ስልኩም አይጠራም።

እማዬን አውቃታለሁ። ከአንድ ገበታ የሚበላን ሰው በሰው ፊት ተፈናቃይ ማለት ለእሷ መስደብ ነው። ግን ስንዴ የሚያገኘው መዝገቡ ላይ ያለ ብቻ ነው። ዘይትም እንደዚያው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምሕረት አልሚ ምግብ። ምሕረት ትንሿ ናት፣ ሁለት ዓመቷ። መሄድ ጀምራ ነበር፣ አሁን ትታዋለች። ባለፈው ዓርብ ጤና ኬላ ክንዷን ሲለኩ የክሳት መለኪያው ቢጫው ላይ ቆመ። ከቢጫ ቀጥሎ ያለው ቀይ ነው። የቀረው አልሚ ምግብ ጥቂት ስለሆነ ለተመዘገቡት ብቻ ነው ተብሏል።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ነገ በየነን አናግረዋለሁ።

ማክሰኞ

በየነ የምዝገባ ኮሚቴው ጸሐፊ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል አብረን ተምረናል፤ ሒሳብ የሚገለብጠው ከእኔ ነበር። አሁን ቢሮው የእኔ የድሮ ክፍል ነው፣ ሦስተኛ «ለ»። የቀሩት ክፍሎች መጠለያ ሆነዋል። እኔ ልጆቹን የማስተምረው ዋንዛው ሥር ነው፤ ዝናብ ሲመጣ እንበተናለን።

«አስቴርዬ፣ እናትሽ በገዛ አፏ ቤተሰብ ናቸው ብላለች። እኔ ምን ላድርግ? ተጽፎ ወጥቷል» አለኝ።

ይስተካከላ፣ አልኩት። ዘረዘረልኝ፦
አንድ፣ ከዲላ የእርማት ፈቃድ።
ሁለት፣ የሽማግሌ ምስክር።
ሦስት፣ አለሚቱ ዘመዴ አለመሆኗን የምገልጽበት የራሴ ፊርማ።

«አለዚያ መጠለያው ትግባ፤ ማንም ሳይጠይቃት ትመዘገባለች» አለኝ። በመስኮት አየሁት መጠለያውን። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ቤተሰብ እንዳለ መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ። ሁሉም ያስላል። ምሕረትን እዚያ ማስገባት በቁሟ መቅበር ነው።

ይህን ማንም አያነበውምና እውነቱን ልጻፍ። ደክሞኛል። መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንም መላእክት ነበርን። ቤተ ክርስቲያኑ በሩን ከፈተ፣ ሰው ቆጮ በሸክም አመጣ፣ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ዳቦ ጭነው መጡ፣ መዘምራኑ እያለቀሱ ዘመሩ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ይባላል፤ እኛ ዓመት ልንደፍን ነው፣ አሁን ምን ላይ እንደደረስን እንጃ። ምንጩ ላይ ወረፋ ሲረዝም «ተፈናቃይ»። ማገዶ ሲወደድ «ተፈናቃይ»። የተሰጣ ልብስ ሲጠፋ «ተፈናቃይ»። እኔም ብያለሁ፣ በሆዴ። የአለሚቱ ትልቋ ልጅ ሳሙናዬን የጨረሰች ቀን ብያለሁ።

የደረሰው እንሰታችን አልቋል። ጓሮ የቀሩት ለጋዎች ናቸው፤ ገና ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋሉ። «እናንተስ ምን ትበላላችሁ?» ብሎ የጠየቀን መዝጋቢ እስከ ዛሬ የለም።

ረቡዕ

ዲላ ደርሼ ተመለስኩ። እግሬ አብጧል።

ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ውስጥ ያገኘኋት ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለች። የት? ሆቴል። በባጃጅ ሄድኩ። አዳራሹ በር ላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፦ «አስተናጋጁን ማኅበረሰብ እናጠናክር»። በሩ ላይ የቆመችው አስተናባሪ «ተሳታፊ ነሽ?» አለችኝ። «አስተናጋጅ ማኅበረሰብ ነኝ» አልኳት። ቀልዴን ነበር። እሷ ግን አስፈርማ፣ ቦርሳና ደብተር እስክሪብቶም ሰጥታ፣ ወንበር አሳየችኝ።

ተቀመጥኩ። አንድ ሰውዬ ግድግዳው ላይ ክቦችና ቀስቶች እያሳየ ያስረዳል። አንዱ ክብ እኛ ነን። «ኅብረተሰቡ በባህሉ እንግዳ ተቀባይ በመሆኑ ከፍተኛ ወጪ ማዳን ተችሏል» አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ከሰው ጋር አብሮ ሄደ። የተረፈው ወጪ ከእማዬ ጓሮ እንደሆነ የገባኝ ካጨበጨብኩ በኋላ ነው።

ሻይ እረፍት ላይ ኃላፊውን ያዝኳቸው። መጥፎ ሰው አይደሉም፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። ሳምቡሳ በአንድ እጃቸው ይዘው ቆመው ማመልከቻዬን አነበቡና ጀርባው ላይ «ተጣርቶ ይስተካከል» ብለው ፈረሙበት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ወረቀቱን ዘይት ነክቶታል፣ ግን ፊርማው ይነበባል።

ድል ነው። ከጠረጴዛው ላይ ኬክም ሰርቄያለሁ፣ አምስት ቁራጭ። ልጆቹ ተሻምተው በሉት። ምሕረት ላሰችና መለሰችው።

ይህን የምጽፈው በዚያው በሰጡኝ ደብተር ላይ ነው። ሰኞንና ማክሰኞን ከአሮጌው ገልብጫለሁ። ወረቀቱ ጥሩ ነው።

ሐሙስ

ሽማግሌዎቹ እንቢ አሉ።

አለሚቱን ይዤ ሶንጎ ሄድኩ፤ የመንደሩ አባቶች ነገር የሚያዩበት ዛፍ ሥር። ሃይቻ ዱካሌ ነበሩ፣ ሃይቻ ከምንላቸው ሽማግሌዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት። የእኛን ዘር እስከ ሰባት ቤት ያውቃሉ። ጉዳዩን አስረዳሁ፤ ይህች ሴት ዘመዴ አለመሆኗን ይመስክሩልኝ ብቻ ነው የምለው፣ አልኩ። ሃይቻ ወደ አለሚቱ ዞረው ጎሳዋን ጠየቋት። ነገረቻቸው። ሳቁ።

የአባቴ ጎሳ ነው።

«ታዲያ ይቺ ልጅ እህትሽ ናት» አሉኝ። «እኔ ባዳ ናት ብዬ አልመሰክርም። ለስንዴ ብዬ ሶንጎ ላይ አልዋሽም።»

«የዚህ ጎሳ ሰው እስከ ገደብ ከተማ ድረስ ሞልቷል እኮ፣ ሃይቻ። ሁሉም እህቴ ነው?»

«ሁሉም እህትሽ ነው።»

መናገር ያልነበረብኝን ተናገርኩ። «ልጅቷ ብትሞት እርስዎ ይቀብሯታል?» አልኳቸው። አለሚቱ እዚያው ቆማለች። ሃይቻ አልተቆጡም። «እንቀብራለን፤ ልጃችን አይደለችም እንዴ?» አሉኝ።

እስከ ቤት ድረስ አለቀስኩ፣ ከንዴት ነው። መቅበሩን ሁሉም ያውቅበታል።

ዓርብ

ቀይ።

ጠዋት ጤና ኬላ ወሰድናት። ሠራተኛዋ መለኪያውን ሁለት ጊዜ አጠለቀችላት፣ ሁለቱንም ጊዜ ቀይ። የምዝገባ ካርድ ይዛችሁ ኑ አለች። አንገቷን ደፍታ ነው ያለችው።

ከዚያ ወደ በየነ ሮጥኩ። «ሽማግሌ እንቢ ካለ ሁለት ጎረቤትም ይበቃል» አለ። ማክሰኞ ይህን ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ጎረቤቶቼም የሆኑ ሁለት መምህራን ባልደረቦቼን ከዋንዛው ሥር ጠርቼ አስፈረምኩ። በየነ ጻፈ፤ ደንብ ነው ብሎም ጮክ አድርጎ አነበበው። «እኔ መምህርት አስቴር፣ ወይዘሮ አለሚቱ በሥጋም ሆነ በጋብቻ ዘመዴ አለመሆኗን፣ ቤቴ ተጠግታ ያለች ባዳ መሆኗን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።»

«ባዳ» የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። በየነ «ተጠጊ» ብቻ ብሎ ነበር፤ ጠንከር ይበል ብዬ ነው። አለሚቱ ምሕረትን አዝላ አጠገቤ ቆማ ሰማች። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች።

አንድ ነገር ልጻፍና ልገላገል። ስፈርም ደስ አለኝ። ለምሕረት ብቻ አይደለም ደስ ያለኝ። ከዓመት በኋላ አንድ ወረቀት ላይ «ይህች ሴት የእኔ ዕዳ አይደለችም» ብዬ መጻፌ ቀለል አደረገኝ። አንድ ደቂቃ ያህል። ከዚያ አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ካርዱ ተሰጣት። አልሚ ምግቡንም ተቀበልን። ምሕረት እዚያው ጤና ኬላው በረንዳ ላይ ከመዳፍ የማትበልጠውን ከረጢት ግማሿን በላች፣ ጣቷን ጠባች፣ እንደገና አፏን ከፈተች። ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ስንመለስ አለሚቱ ከኋላዬ ነበር የምትሄደው፤ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነበርን። በር ላይ ስንደርስ «አመሰግናለሁ፣ ቲቸር» አለችኝ።

ቲቸር ብላኝ አታውቅም።

ቅዳሜ

ስንዴ መጣ። ዘይትም። ምሕረት ሙሉ ከረጢት ጨረሰች፣ ባዶውን ካልጠባሁ ብላ አለቀሰች። ያ ለቅሶ ጣፈጠኝ፤ አንድ ሰሞን ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበራትም።

እማዬ ስንዴውን አልነካችም። ለብቻዋ የተረፈችውን ቆጮ በላች። እኔን አታናግረኝም። ግድግዳውን ነው የምታናግረው፣ በጌዴኦኛ፦ «አስተምሬ መምህርት አደረግኳት። ሰው ባዳ ነው ብላ መፈረም ተማረች።» በአማርኛ ስጽፈው ለስለስ አለ። በእሷ አፍ ያቃጥላል።

እኔ ደግሞ ልጅ አትርፌያለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ላድርግ?

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የመንግሥት ሰዎች በድምፅ ማጉያ ተናገሩ። በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለ ተፈናቃይ ሁሉ ማክሰኞ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ሰላም ወርዷል። መኪና ይመጣል። ከእንግዲህ እርዳታ የሚሰጠው እዚያው ነው፤ እዚህ የሚቀር ሰው ምንም አያገኝም። ስለ ተባበራችሁ እናመሰግናለን።

በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለ!

ሰኞ ዕለት እማዬ ባለችው ብተወው ኖሮ አለሚቱ መዝገቡ ላይ አትኖርም ነበር። ዲላ ድረስ ሄጄ፣ ሆቴል ገብቼ፣ አጨብጭቤ፣ ሽማግሌ ሰድቤ፣ ፈርሜ አስገባኋት። በስንት ልፋት!

አለሚቱ አላለቀሰችም። ስልኳ ላይ የተደወለላትን ቁጥር አሳየችኝ። እዚያ ማዶ ጎረቤቷ የነበረች የጉጂ ሴት አለች፤ የሸሹ ዕለት ልጆቹን ጎተራዋ ውስጥ የደበቀችላት እሷ ናት። ትናንት ደውላላት ነበር። «ገና ነው። ቤትሽ ቆርቆሮው የለም። ባልሽን ያየ ሰው አላገኘሁም። እባክሽ አሁን አትምጪ፣ እኔ ስልሽ ትመጫለሽ» ብላታለች። ሰላም ወርዷል የሚለውን ያቺ ሴት አልሰማችም ማለት ነው።

ሰኞ

በየነ ጋ ገና ሳይከፍት ደረስኩ።

ሰርዛት አልኩት። «እርማት ሁለቴ አይደረግም፤ ተጽፎ ወጥቷል» አለኝ። ይህችው ቃል ናት። ጮህኩበት፤ መጠለያው ውስጥ ያሉት እስኪሰሙ ጮህኩ። አስጨረሰኝና «እኔ ደስ ብሎኝ መሰለሽ? የገዛ አጎቴ ነገ መኪናው ላይ ነው» አለ።

ከዚያ በሩን ዘጋው። ወደ እኔ ሳያይ እስክሪብቶውን እየፈታ እየገጠመ፣ «ሐሰተኛ ሰነድ ከሆነ ይሰረዛል። ግን የፈረመው ሰው ይጠየቃል። ካርዱም ይነጠቃል» አለኝ።

ከተጠየቅኩ የማጣው ሥራዬን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩበት። እማዬ የምትኖረው በእሱ ነው።

ቤት ስደርስ አለሚቱ ድስቷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የልጆቹን ልብስ አጣጥፋ ጨርሳለች። ይዛ የመጣችው ያቺን ድስት ብቻ ነበር። «አትሂጂ» አልኳት።

«አትጨነቂ ቲቸር። ባዳ አይደለሁ? ባዳ ሰው ይሄዳል» አለችኝ።

ለመጉዳት ብላ አይደለም። እንደ ተራ ነገር ነው ያለችው። ተመትቼ ቀረሁ።

ማክሰኞ

ከሁለት ሰዓት ጀምሮ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። የእህል መኪና ነው፣ ከላይ ሸራ። ሰዎች ፍራሽና ባልዲ ይዘው ይወጣሉ። ማንም አይገፋቸውም። መግፋት ምን ያደርጋል፤ መጠለያው ውስጥ እህል መስጠት ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል።

ወደ እኛ ቤት በየነና ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች መጡ። አንደኛው ዝርዝሩን ይዟል። በር ላይ ቆሞ «ወይዘሮ አለሚቱ» ብሎ ጠራ።

እማዬ ወጣች። ነጠላዋን አስተካከለች። «እዚህ ቤት ተፈናቃይ የለም። ያለው ቤተሰብ ነው» አለች።

ሰውዬው ወረቀት ከማኅደሩ አወጣ። የእኔን። አነበበው፣ ሁሉንም፣ ባዳ እስከሚለው። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። አለሚቱ ድስቷን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች፤ ምሕረት ጀርባዋ ላይ ሆና ባዶ ከረጢት ትጠባለች።

«ዋሽቼ ነው የፈረምኩት» አልኩ።

«ምን?»

«ስንዴ ፈልጌ ነው። እህቴ ናት። ዋሽቻለሁ።»

ሰውዬው ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። «መምህርት ነሽ አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። በሐሰተኛ ሰነድ የመንግሥትንም የለጋሽንም እህል ወስደሻል፣ ትጠየቂበታለሽ፣ ገብቶሻል? አለኝ። ገብቶኛል። «ምስክር አለሽ?» ሲለኝ ግን ወደ በየነ ዞርኩ። በየነ መሬት መሬት ያያል።

ምስክሩ መጣ። ሃይቻ ዱካሌ፣ በትራቸውን ተመርኩዘው፣ እያለከለኩ። እማዬ በጠዋት ሰው ልካባቸው ኖሯል፤ ለእኔ አልነገረችኝም። «ይቺ ልጅ የኛ ናት» አሉ። «ሐሙስ ሶንጎ ላይ ተናግሬያለሁ። ስድስት ሰው ሰምቷል። ጥራና ጠይቅ።» አስተማሪዋ ያን ቀን ተቆጥታ ነበር አላሉም። ባለጌ ናት አላሉም።

ወረቀቱ ጀርባ ላይ መዋሸቴን አስጻፉኝ፣ ፈረምኩ። ሃይቻ አተሙ። አለሚቱ ካርዱን ከጉያዋ አውጥታ ለሰውዬው ሰጠችው። ወሰደና ስሟ ላይ በቀይ አሰመረ።

መኪናው ሞልቶ ሄደ። የበየነ አጎት ከኋላ ተቀምጠው አየኋቸው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ለእሳቸው ማን ይዋሽላቸው?

ረቡዕ

ደብዳቤው ዛሬ ደረሰኝ። ዓርብ ጠዋት የሥራ መታወቂያዬን ይዤ እንድቀርብ። በየነ ራሱ ነው ያመጣው፣ ገብቶ ቁጭ አላለም።

ዓርብ ምን እንደምል አላውቅም። ሁለት ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ አንዱ ውሸት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ቢጠይቁኝ እኔም ሽማግሌ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው። ከሥራ ያባርሩኝ ይሆናል። ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ይተዉኝ ይሆናል። ሌላ መምህር በቀላሉ አያገኙም፣ ዋንዛ ሥር ማስተማር የሚፈልግ ማን አለ።

ያለን፦ ስንዴ፣ ለሳምንት የሚሆን። ከአልሚ ምግቡ አራት ከረጢት። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ዛሬ ለካቻት፤ ቀዩን አልፋ ቢጫው መጀመሪያ ላይ ናት። «ካርዱን ዓርብ ዕለት አይቻለሁ፤ ሲነጠቅ አላየሁም፤ እስከ ሳምንት አላየሁም እላለሁ» አለችኝ። እሷም ዋሸች። በዚህ ቀበሌ ያልዋሸ ሰው አይጠፋም፣ እኔ ግን እስካሁን ስንዴ ይዞ አላጋጠመኝም።

እማዬ ዛሬ የስንዴውን ቂጣ በላች። ግማሹን ቆርሳ ለእኔ ሰጠችኝ።

ከሰዓት በኋላ አለሚቱ ጓሮ ወረደች። ከለጋዎቹ እንሰቶች መካከል ወፈር ያለውን ስትመርጥ ከመስኮት አየኋት፤ አንዱን ነካች፣ ተወችው፣ ሌላውን ነካች። ቆጮ የማይሞላ ነገር ነው፣ ግንዱ ገና የልጅ ጭን አያህልም። ሁለት ዓመት ቢቆይ ለስንት ሰው ይበቃ ነበር።

«አስቴሬ!» ብላ ጠራችኝ። «ቆንጨራውን አምጪልኝ።»

ወሰድኩላት።